ስቶሬጁ ላይ አለርት የለም፤ ታዲያ ደህና ነው ማለት ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አምድዎን ሁልጊዜ እከታተላለሁ። በቅርቡ የአንድ ድርጅት ሲስተም አስተዳዳሪ ሆኜ ሥራ ጀምሬያለሁ። ሲስተማችን ያለው በማይክሮሶፍት የክላውድ አገልግሎት፣ በአዙር ላይ ነው። ዌብ አፕሊኬሽን፣ ዳታቤዝ፣ ጥቂት ቨርቹዋል ማሽኖች፣ ደንበኞች ሰነድ የሚጭኑበት አንድ ስቶሬጅ አካውንትም አለን። ኃላፊዬ «የስቶሬጁን የደህንነት ማስጠንቀቂያዎች ብቻ ለይተህ አውጣልኝ» አለኝ። አዙር ሞኒተር ገብቼ «አለርትስ» የሚለውን ከፈትኩ። ያገኘሁት ስለ ሲፒዩ እና ስለ ዌብሳይቱ መዘግየት ብቻ ነው። ዲፌንደር ፎር ክላውድ የሚባለው የደህንነት ክፍል ስገባ ደግሞ ብዙ ነገር ተደበላልቆ ጠበቀኝ። በስቶሬጁ ስም ስፈልግ ምንም አልመጣም። ባዶ ነው ብዬ ሪፖርት ላድርግ? ወይስ ቦታው ጠፍቶብኝ ነው?

አዲሱ ተረኛ

መልስ፦ ወንድሜ፣ «ባዶ ነው» የሚለውን ሪፖርት ለጊዜው ያዘው። ገጹ ባዶ የሚሆነው በሁለት ምክንያት ነው። ወይ ምንም አልተፈጠረም፤ ወይ የሚያይ የለም። ስክሪኑ ላይ ሁለቱም አንድ ይመስላሉ። ኃላፊህ ማወቅ የፈለገው ግን የትኛው እንደሆነ ነው።

ስለዚህ ፍለጋውን ከሌላው ጫፍ እንጀምረው። «አለርቱ የት ነው?» ከማለትህ በፊት «በዚህ ስቶሬጅ ላይ አንድ ነገር ቢደርስ አለርቱን የሚያወጣው ማነው?» ብለህ ጠይቅ። እኔ አዲስ ሲስተም በተረከብኩ ቁጥር የመጀመሪያ ጥያቄዬ ይኸው ነው። ዳሽቦርዱን የምከፍተው ከዚያ በኋላ ነው። ዳሽቦርድ የተገኘውን ያሳያል እንጂ ራሱ አይፈልግም። የሚፈልገው ከጀርባው ያለው መርማሪ አገልግሎት ነው። እሱ ካልበራ ዳሽቦርዱ የሚያሳይህ ነገር አይኖረውም።

መጀመሪያ የገባህበት አዙር ሞኒተር የሚጮኸው አንድ ሰው ደንብ ካወጣለት ነው። ሲፒዩ ከ80 በመቶ ካለፈ አሳውቀኝ፣ ገጹ ከዘገየ አሳውቀኝ ተብሎ ታዟል። ሥራው በአብዛኛው ስለ ጤንነትና ስለ ፍጥነት ማውራት ነው። የተሰረቀ ቁልፍ የያዘ ሰው ስቶሬጅህን ከፍቶ ፋይል ቢያወርድ፣ በሜትሪክ (በቁጥር መለኪያዎች) ዓይን ያ በትክክል የተስተናገደ ጥያቄ ነው። ስህተት አልተመዘገበም። ፍጥነቱም ጥሩ ነው። ሁሉም አረንጓዴ ሆኖ ፋይሉ ይወጣል። ስለዚህ እዚያ ሲፒዩ ብቻ ማግኘትህ ምንም አይገርምም።

የደህንነት አለርት የሚወጣው ከዲፌንደር ፎር ክላውድ ነው። የቆዩ መመሪያዎችን ስታነብ አዙር ሴኩሪቲ ሴንተር ወይም አዙር ዲፌንደር የሚል ስም ታገኛለህ። እ.ኤ.አ. በ2021 ሁለቱ በዚህ ስም ተጠቃለዋል፤ ግር አይበልህ።

ተደበላልቆ ጠበቀኝ ያልከው እኔ እንደምገምተው «ሪኮመንዴሽንስ» እና «ሴኩሪቲ አለርትስ» ናቸው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይምታታል። ሪኮመንዴሽን «ይህ በር አልተቆለፈም» ይልሃል። አለርት ደግሞ «አንድ ሰው በሩን እየገፋው ነው» ይልሃል። የመጀመሪያው ለሥራ ዕቅድህ ነው፤ ሁለተኛው አሁኑኑ ተነስ የሚያሰኝ ነው። ኃላፊህ የጠየቀህ ሁለተኛውን ስለሆነ፣ በግራ በኩል ካለው ዝርዝር «ሴኩሪቲ አለርትስ» የሚለውን ብቻ ክፈት።

ገጹ ሲከፈት ወዲያው ወደ መፈለጊያው ሳጥን አትሂድ። መጀመሪያ ከላይ የተደረደሩትን ማጣሪያዎች አንብብ። ገጹ ሲከፈት ጀምሮ የደበቀብህ ነገር አለ። «ስታተስ» የሚለው ገና እልባት ያላገኙትን ብቻ ነው የሚያሳይህ። ከአንተ በፊት የነበረው ሰው አንዱን አለርት «ዲስሚስድ» ብሎ ከዘጋው አታየውም። የክብደት ደረጃው ሃይ፣ ሚዲየም፣ ሎው እና ኢንፎርሜሽናል ተብሎ በአራት ይከፈላል። ከነዚህ ውስጥ ኢንፎርሜሽናል መመረጡን እይ። የጊዜውንም ገደብ አስፋው። ከሁሉም በላይ ሰብስክሪፕሽኑን፣ ማለትም አገልግሎቶቹ የተመዘገቡበትንና ሂሳባቸው የሚታሰብበትን ክፍል፣ አረጋግጥ። በፖርታሉ (በአዙር የማስተዳደሪያ ድረ ገጽ) አጠቃላይ ሴቲንግ ውስጥ የትኞቹ ሰብስክሪፕሽኖች እንደሚታዩህ የሚወስን ማጣሪያ አለ። ስቶሬጁ ያለበት ሰብስክሪፕሽን እዚያ ካልተመረጠ የቱንም ያህል ብትፈልግ አይመጣም። ፖርታሉም «ይህን ደብቄብሃለሁ» ብሎ አይነግርህም።

ይህን ካጸዳህ በኋላ ማጣሪያ ጨምር የሚለውን ነክተህ «ሪሶርስ ታይፕ» (የአገልግሎቱ ዓይነት) ምረጥና ስቶሬጅ አካውንትን ያዝ። የአንድ አካውንት ብቻ ከፈለግህ «አፌክትድ ሪሶርስ» በሚለው ስሙን ምረጥ። ከዚህ የሚያጥር መንገድም አለ። ራሱን ስቶሬጅ አካውንቱን ክፈት። በግራ በኩል ደህንነትና ኔትወርክ በሚለው ክፍል ሥር ዲፌንደር ፎር ክላውድን ታገኛለህ። እዚያ የሚታይህ የዚያ አካውንት ብቻ ነው። እኔ ፈጠን ብዬ አንድ ሪሶርስ ማየት ስፈልግ የምሄደው በዚህ በኩል ነው።

አሁንም ባዶ ከሆነ ዋናው ጥያቄ ይመጣል። መርማሪው በርቷል ወይ? «ኢንቫይሮንመንት ሴቲንግስ» ግባ፣ ሰብስክሪፕሽኑን ምረጥ፣ የዲፌንደር ፕላኖችን ዝርዝር ተመልከት። ለሰርቨር፣ ለዳታቤዝ፣ ለአፕ ሰርቪስ፣ ለኪ ቮልት (ቁልፎችና ምስጢሮች የሚቀመጡበት)፣ ለኮንቴይነር፣ ለስቶሬጅ እያንዳንዱ የራሱ ማብሪያ አለው። ሰርቨሩ በርቶ ስቶሬጁ ሊጠፋ ይችላል። ያኔ የሰርቨር አለርት እየመጣ የስቶሬጅ ዝም ይላል። ሰው ደግሞ አንዱ ሲጮህ ስለሚሰማ ሁሉም የበራ ይመስለዋል። ይህን ዓይነት ሲስተም በሥራዬ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ሁልጊዜም የሚገርመኝ ያበራው ሰው ራሱ የቱን እንዳበራ አለማስታወሱ ነው። በተጨማሪ አንድን ስቶሬጅ አካውንት ለብቻው ከፕላኑ ማስወጣት ይቻላል። ስለዚህ ሰብስክሪፕሽኑ ላይ በርቶ ብታየውም አካውንቱ ላይ ገብተህ አረጋግጥ።

የተጫነ ፋይል ላይ የማልዌር (የጎጂ ሶፍትዌር) ፍተሻ ደግሞ በስቶሬጅ ፕላኑ ላይ የሚጨመር ሌላ ማብሪያ ነው። ደንበኞቻችሁ ሰነድ ይጭናሉ ብለሃል። ለእናንተ ከሁሉም የሚያስፈልገው ይህ ይመስለኛል።

መርማሪው መብራቱን ካረጋገጥክ በኋላ ፈትነው። በሴኩሪቲ አለርትስ ገጽ ላይ «ሳምፕል አለርትስ» የሚል አዝራር አለ። የስቶሬጅን ፕላን መርጠህ የናሙና አለርት ታመነጫለህ። ማጣሪያህ ያገኘዋል ወይ? ኢሜይሉ ይደርሳል ወይ? ይህን ይነግርሃል። ናሙናው የሚፈትነው ግን መንገዱን እንጂ መርማሪውን አይደለም። የማልዌር ፍተሻውን በእውነት ለመፈተን አይካር የሚባለውን የሙከራ ፋይል ስቶሬጁ ውስጥ ለሙከራ በከፈትከው ኮንቴይነር (የፋይል ማስቀመጫ ክፍል) ላይ ጫን። ፋይሉ ጉዳት የለውም። የጸረ ቫይረስ ሶፍትዌሮች ሁሉ እንዲያውቁት ተብሎ የተዘጋጀ ነው። ከዚያ አለርቱን ጠብቅ። ይህን ከማድረግህ በፊት ግን ለቡድንህ ንገር፤ ሌላው ተረኛ በከንቱ እንዳይደነግጥ።

አሁን የምነግርህን ልብ በል፤ ልምድ ያላቸው ሰዎችም የሚሳሳቱት እዚህ ነው። የስቶሬጅ ጉዳይ ሁሉ በስቶሬጅ ስም አይመጣም። ስቶሬጁን በቀጥታ የሚመለከቱትን ታውቃቸዋለህ። ማንነትን ከሚደብቀው የቶር ኔትወርክ መውጫ የመጣ ግንኙነት፣ ከተለመደው ውጭ ከሆነ ቦታ የመጣ ግንኙነት፣ ባልተለመደ መጠን የወጣ ዳታ፣ ጎጂ ፋይል ተጭኗል የሚሉት ናቸው። ግን የስቶሬጅ ቁልፍ በሁለት ደረጃ ሊሰረቅ ይችላል። ሌባው መጀመሪያ የአስተዳዳሪ መብት ያለው አካውንት ይይዛል። ከዚያ «ቁልፎቹን ዘርዝርልኝ» ብሎ ይጠይቃል። ያ ጥያቄ የሚሄደው ወደ ስቶሬጁ አይደለም። የአስተዳደር ትእዛዞችን ወደሚቀበለው አዙር ሪሶርስ ማኔጀር ነው። ለምሳሌ ማይክሮበርስት የሚባል የጥቃት መሣሪያ አለ። በእሱ የስቶሬጅ ቁልፎች ሲወጡ የሚመጣው አለርት ከሪሶርስ ማኔጀር ፕላን ነው። በስቶሬጅ ብቻ ያጣራ ሰው ሊያመልጠው ይችላል፤ የሪሶርስ ማኔጀር ፕላኑ ያልበራለት ሰው ደግሞ ጭራሽ አይደርሰውም።

ስለዚህ ሁለተኛ ዙር ፍለጋ አድርግ። የሪሶርስ ታይፕ ማጣሪያውን አንሳና በመፈለጊያው ሳጥን «ስቶሬጅ» የሚለውን ቃል በርዕስ ፈልግ። ከዚያም በስቶሬጁ የሚጠቀሙትን ተመልከት። ዌብ አፕሊኬሽኑ ፋይል የሚያስቀምጠው እዚያ ነው? የትኛው ቨርቹዋል ማሽን መብት አለው? ቁልፉ የተቀመጠው በየትኛው ኪ ቮልት ነው? የእነዚህንም አለርቶች ጨምር። «የስቶሬጅ ማስጠንቀቂያ» ማለት ስቶሬጁ ላይ የተለጠፈ ብቻ አይደለም፤ ወደ ስቶሬጁ የሚያደርሱት መንገዶች ሁሉ ናቸው። ኃላፊህ በዚህ እንደሚስማማ እርግጠኛ ነኝ።

ስለ ጊዜም ልንገርህ። ፖርታሉ አለርት የሚያቆየው 90 ቀን ነው። ሪሶርሱ ቢሰረዝ እንኳ አለርቱ እስከዚያ ይታያል። ከዚያ በኋላ የለም። ከዚያ በላይ ማቆየት ካስፈለገ «ኮንቲኒዩስ ኤክስፖርት» አብርተህ ወደ ሎግ አናሊቲክስ (የአዙር የመዝገብ ማከማቻ) ላከው። እዚያ ሴኩሪቲ አለርት በሚባለው ሰንጠረዥ ውስጥ ይቀመጣል፤ በፈለግኸው መንገድ ትጠይቀዋለህ። ያለፈውን ግን አይጭንልህም። ካበራህበት ጊዜ ጀምሮ ያለውን ብቻ ነው የሚልከው። ስለዚህ ይህን ሥራ ለነገ አትበለው።

ከዚሁ ጋር አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ዲፌንደር ለስቶሬጅ አለርት ለማውጣት የስቶሬጁን ዝርዝር ሎግ (የእንቅስቃሴ መዝገብ) እንድታበራ አይጠይቅህም። አለርቱ ሲመጣ ግን የመጀመሪያ ጥያቄህ «የትኞቹ ፋይሎች ተነኩ?» የሚል ነው። ለዚያ መልስ የሚሰጥህ ያ ሎግ ነው። «ዳያግኖስቲክ ሴቲንግስ» ውስጥ ገብተህ ማንበብን፣ መጻፍንና መሰረዝን የሚመዘግበውን ቀድመህ ካላበራህ፣ ሌባ እንደገባ ታውቃለህ፤ ምን እንደወሰደ ግን አታውቅም። ለደንበኞቻችሁ መልስ መስጠት ያለበት ሰው ይህ ልዩነት ምን ያህል እንደሚያምም ያውቃል።

ኢሜይሉንም አትመን። ዲፌንደር ሰው እንዳይሰለች ብሎ ራሱ ይቆጥባል። ለአንድ አድራሻ በቀን የሚልከው ለሃይ እስከ አራት፣ ለሚዲየም ሁለት፣ ለሎው አንድ ገደማ ነው። ጥቃት በሚበዛበት ቀን አብዛኛው በኢሜይል አይደርስህም። ኢሜይሉ ግባና እይ ይልሃል እንጂ መዝገብ አይሆንህም።

ሪፖርቱን እንዲህ ብለህ ጻፍ። የስቶሬጅ ፕላኑ ከመቼ ጀምሮ እንደበራ። የማልዌር ፍተሻው መብራቱን ወይም አለመብራቱን። የትኛውን ሰብስክሪፕሽን፣ የትኛውን ጊዜ እንዳየህ። የተዘጉትንም አለርቶች ማካተትህን። ከዚያ ዝርዝሩን። ዝርዝሩ ባዶ ከሆነም ከላይ ያሉት መስመሮች ካሉ ኃላፊህ ባዶነቱ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ጥያቄ፦ ሰላም ጤና ይስጥልኝ። እኛ የምንጠቀመው አማዞን ዌብ ሰርቪስስ ነው። ስጋት የሚመረምረው አገልግሎቱ ጋርድ ዱቲ በርቷል። የኤስ3 ባኬቶቻችንን (የፋይል ማከማቻዎቻችንን) የሚመለከት ነገር ግን አይቼ አላውቅም። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ በሱ ስክሪን ላይ ያያል። ሁለታችንም በአንድ አካውንት ነው የምንገባው። ምን ይሆን?

ግራ የገባኝ

መልስ፦ እህቴ፣ በስክሪንሽ ላይ በስተቀኝ ከላይ ያለውን የሪጅን (የአማዞን ዳታ ሴንተሮች ያሉበት አካባቢ) ስም ከባልደረባሽ ጋር አስተያዪው። ይለያያል ብዬ እገምታለሁ። ጋርድ ዱቲ በየሪጅኑ ለየብቻው ነው የሚሠራው። አንድ ሪጅን ላይ ማብራት ሌላውን አያበራም፤ የአንዱም ግኝት በሌላው ላይ አይታይም። ባኬቶቻችሁ ያሉበትን ሪጅን ምረጪ። ብዙ ሪጅን የምትጠቀሙ ከሆነ ግኝቶችን በሚሰበስበው ሴኩሪቲ ሃብ አማካይነት ወደ አንድ ሪጅን ማሰባሰብ ይቻላል። የማትጠቀሙበትም ሪጅን ላይ ጋርድ ዱቲን አብሩ። ሌባ ማንም የማያየውን ሪጅን ነው የሚመርጠው።

ሪጅኑ አንድ ከሆነ ደግሞ «ኤስ3 ፕሮቴክሽን» የሚለውን ተመልከቺ። ጋርድ ዱቲ በመሠረቱ የሚያየው የክላውድ ትሬይልን (በአካውንቱ ላይ የተሰጡ ትእዛዞች መዝገብ) የአስተዳደር ክስተቶች፣ የቪፒሲ ፍሎው ሎግ (የኔትወርክ ትራፊክ መዝገብ) እና የዲኤንኤስ ሎግ (የድረ ገጽ ስም ፍለጋ መዝገብ) ነው። በዚህ ብቻ እንኳ ባኬት ለሕዝብ ክፍት ሲደረግ ሊነግርሽ ይችላል፤ ያ የአስተዳደር ተግባር ነውና። ፋይል በፋይል ማን እንዳነበበና ማን እንደሰረዘ የሚያየው ግን ኤስ3 ፕሮቴክሽን ሲበራ ነው። ለዚህ ሲባል በክላውድ ትሬይል ላይ የዳታ ክስተቶችን ለብቻ ማብራት አይጠበቅብሽም፤ ጋርድ ዱቲ በራሱ መንገድ ያገኛቸዋል።

አገልግሎት ለይቶ ለማየት የጋርድ ዱቲ ግኝት ስም ራሱ ትልቅ እርዳታ ነው። ስሙ የተሠራው በሥርዓት ነው። ከሁለቱ ነጥቦች (:) በፊት ያለው የአጥቂው ዓላማ ነው፤ ሪከን (ቅኝት)፣ ዲስከቨሪ (ያለውን ማወቅ)፣ ኤክስፊልትሬሽን (ዳታ ማውጣት)፣ ክሪፕቶከረንሲ (ዲጂታል ገንዘብ) እያለ ይሄዳል። ከሁለቱ ነጥቦች በኋላ እስከ ሰያፍ መስመሩ (/) ድረስ ያለው የተነካው የሪሶርስ ዓይነት ነው፤ ኢሲ2 (ቨርቹዋል ማሽን)፣ ኤስ3፣ አይኤኤም ዩዘር (የተጠቃሚ ማንነት) እያለ። ከሰያፉ በኋላ ያለው የድርጊቱ ዝርዝር ነው። ስለዚህ «ፋይንዲንግ ታይፕ» በሚለው ማጣሪያ በመካከሉ ኤስ3 ያለባቸውን መምረጥ ትችያለሽ።

እዚህም ግን ከላይ ለወንድማችን ያልኩት ይሠራል። ከአንድ ኢሲ2 ማሽን ላይ ጊዜያዊ የመግቢያ ምስጢር ተሰርቆ ከአማዞን ውጭ ጥቅም ላይ ሲውል የሚመጣው ግኝት በስሙ ውስጥ የሚይዘው አይኤኤም ዩዘርን ነው። የተደፈረው ማሽን ነው፤ ስሙ ግን የተጠቃሚ ነው። ኢሲ2 ብቻ ብላ ያጣራች ተረኛ ይህን አታየውም። ከጋርድ ዱቲ ግኝቶች ውስጥ እኔ ስልክ አንስቼ ሰው የምቀሰቅስበት ቢኖር ይህ አንዱ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ተመሳሳይ ድርጊት ሲደጋገም ጋርድ ዱቲ አዲስ መስመር አይከፍትም። የድሮውን ያድሰዋል፤ ቁጥሩንም ይጨምራል። ከሳምንታት በፊት የተከፈተ ግኝት ዛሬ ጠዋት እንደገና ተከስቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ በታየበት ቀን ሳይሆን በመጨረሻ በታደሰበት ቀን ደርድሪው፤ ስንት ጊዜ እንደተደጋገመም እዪ። ግኝቱን ለሌሎች ሲስተሞች ወደሚያስተላልፈው ኢቨንትብሪጅ የምትልኩት ከሆነ ደግሞ አዲስ ግኝት ቶሎ ይሄዳል። የተደጋገመው ግን ካልቀየራችሁት በስድስት ሰዓት ልዩነት ነው የሚላከው። ወደ አንድ ሰዓት ወይም ወደ 15 ደቂቃ ማውረድ ይቻላል። አውርዱት።

«አርካይቭድ» የሚለውንም ሳትከፍቺ አትውጪ። አንድ ሰው ያወጣው የማፈኛ ደንብ ግኝቶችን በቀጥታ ወደዚያ እየላከ ሊሆን ይችላል። ጋርድ ዱቲም ግኝት የሚያቆየው 90 ቀን ነው። በላይ ካስፈለጋችሁ ወደ ኤስ3 ላኩት።

ጥያቄ፦ በጉግል ክላውድ ላይ ነን። አንድ ባኬት ውስጥ ያለ ፋይል ማን እንዳነበበው ለማወቅ ክላውድ ሎጊንግ ውስጥ ብንፈልግ ምንም የለም። ተሰርዞብን ይሆን?

ሁለት ባልደረቦች

መልስ፦ መጀመሪያውኑ ያልተጻፈ ይመስለኛል። ጉግል ክላውድ ላይ የአስተዳደር ተግባር ሎግ ሁልጊዜ ይጻፋል፤ ማጥፋትም አይቻልም። 400 ቀን ይቆያል። ማን ባኬቱን እንደፈጠረ፣ ማን መብቱን እንደቀየረ እዚያ ታገኛላችሁ። ፋይል ማንበብን የሚመዘግበው የዳታ አክሰስ ሎግ ግን ከቢግኩዌሪ (የጉግል የዳታ መተንተኛ) በስተቀር ካላበራችሁት ጠፍቶ ነው የሚቆየው። «ኦዲት ሎግስ» ገብታችሁ ለክላውድ ስቶሬጅ አብሩት። የትላንቱን አይመልስላችሁም። ለትላንቱ ያላችሁ አማራጭ ማን የማንበብ መብት እንደነበረው ከአስተዳደር ሎጉ ላይ አጥንታችሁ ክበቡን ማጥበብ ነው።

የጉግል የደህንነት ማዕከል በሆነው በሴኩሪቲ ኮማንድ ሴንተር ስትፈልጉም ግኝቱን ያወጣው ማን እንደሆነ በሚነግረው ማጣሪያ ተጠቀሙ። ሴኩሪቲ ሄልዝ አናሊቲክስ የሚል ከሆነ የአወቃቀር ድክመት ነው። ኢቨንት ትሬት ዲቴክሽን የሚል ከሆነ ድርጊት ተፈጽሟል። ሁለተኛውን አስቀድሙ። የተደበቁትንም፣ ማለትም «ሚዩት» የተደረጉትን፣ አብራችሁ እዩ።

ጥያቄ፦ የአንድ ቡድን ኃላፊ ነኝ። በየሳምንቱ የራሳችን የደህንነት ፍተሻ ሶፍትዌር ሰርቨሮቹን ሲፈትሽ አለርት ይጮኻል። ልጆቹ ሰልችቷቸው የዚያን ዓይነት አለርት ሁሉንም ይዝጉት ይሉኛል። ልፍቀድ?

ከሥራ ላይ

መልስ፦ እንዳይፈቅዱ እለምንዎታለሁ። ልጆቹ መሰልቸታቸው እውነት ነው፤ መፍትሔም ይገባቸዋል። የሰለቸ ተረኛ እውነተኛውንም ሳያነብ ይዘጋል። ነገር ግን የአለርቱን ዓይነት በሙሉ ማፈን ማለት ነገ ሌላ ሰው ያንኑ ሰርቨር በዚያው መንገድ ሲፈትሸው ዝም በሉ ብሎ ማዘዝ ነው።

የማፈኛ ደንቡን ያጥብቡት። የአለርቱ ዓይነት ብቻ ሳይሆን የፍተሻ ሶፍትዌሩ አይፒ አድራሻ ይግባበት። ያ አድራሻ ቋሚ ካልሆነ መጀመሪያ ቋሚ ያድርጉት። ፍተሻው የሚነካቸው ሰርቨሮች ብቻ ይጠቀሱ። አዙር ላይ ከሆኑ ደንቡ የሚያበቃበትን ቀን መስጠት ይችላሉ፤ ይስጡት። ቀኑ ሲደርስ አንድ ሰው ተቀምጦ «ይህ አሁንም ያስፈልገናል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። ማብራሪያ በሚለው ቦታ ላይም ማን እንዳወጣው፣ ለምን እንዳወጣው ይጻፍ። የታፈነው አለርት ከመዝገብ አይጠፋም፤ የተዘጉትን የሚያሳየውን ማጣሪያ ሲመርጡ ያገኙታል። ከልጆቹ አንዱ በወር አንድ ጊዜ ያንን ዝርዝር ከፍቶ የአይፒ አድራሻዎቹን ከፍተሻ ሶፍትዌሩ ጋር ያመሳክር። የማይመሳሰል አድራሻ ካገኘ ደንቡን እዚያው አጥፍቶ ለእርስዎ ይደውል።